የአእምሮ ሕመምተኛን በርኅራኄ ስለ ማስታመምና ስለ ቅሬያችን ድርሻ

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የቅሬያችን ዳኛ፥ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፥ አባቶችና እናቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለዚህ ዓመት ስብሰባ በደኅና ያደረሰንን ፈጣሪ አመሰግናለሁ። በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን አባሎቻችንም ምሕረትን እለምናለሁ።

ኮሚቴው አንድ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ድንኳን አያያዝ ወይም ስለ ወርኃዊ መዋጮ ይሆናል ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አእምሮ ሕመምና ሕመምተኛውን በርኅራኄ ስለሚያስታምሙ የሳይካትሪ ነርሶች አሠራር ልነግራችሁ ነው። «ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ ከቅሬ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከ6ኛ ክፍል አያልፍም። ሆኖም ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሆስፒታል ካርድ ክፍል በጸሐፊነት ነው። ካርድ ክፍል ማለት ደግሞ በሽተኛው ገና ከበሩ ሲገባ የሚታይበት ቦታ ነው። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያላየሁትን ከጠየቅኩትና ካነበብኩት እጨምራለሁ።

ነገሩን ከቅሬ ጋር የሚያገናኘውን በመጀመሪያ ልናገር። በጉራጌ አገር በቡታጅራ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ትልቅ ጥናት አድርገዋል። ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። ከእነዚህም መካከል 919 ሰዎችን ለ10 ዓመት ተከታተሏቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121 ሰዎች ሞቱ። ሐኪሞቹ ሒሳቡን ሲሠሩት እነዚህ ሕሙማን የሞቱት ሌላው ሰው ከሚሞትበት ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ሌሎቹ ራሳቸውን በማጥፋት፥ በአደጋና በሰው እጅ የጠፉም አሉባቸው።

እንግዲህ አስቡት። 70 ዓመት ሊኖር የሚችል ሰው በ40 ዓመቱ ይቀበራል ማለት ነው። የሚቀብረው ማነው? ቅሬ ነው። ድንኳን ተክለን፥ ጉድጓድ ቆፍረን፥ በቃሬዛ ተሸክመን እንሸኘዋለን። በቁሙ ሳለ ግን ሳንባው ሲታመም ሐኪም ቤት የወሰደው የለም፤ ሲርበው የጠየቀው የለም። «እሱ እኮ እብድ ነው» ተብሎ ታለፈ። ለሬሳው 30 ሰው የሚሰለፍለት ሰው በሕይወት ሳለ የሚያጫውተው አንድ ሰው ካጣ ቅሬያችን ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው ማለት ይቻላል። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። የአእምሮ ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቱ ሊመርዘው የሚያስብ ይመስለዋል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ ዕድሜ፥ በ17፥ በ20፥ በ25 ዓመት ነው። ሌላው እንቅልፍ አጥቶ፥ ያለ ልክ እየተናገረና ገንዘቡን እየበተነ ይሰነብትና ኋላ ደግሞ በኀዘን ይወድቃል። ሌላው ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ መኖሩ ራሱ ከንቱ ይመስለዋል። ወልዳ ገና አራስ ቤት ያለች እናትም ይኸው ሊደርስባት ይችላል። የሚጥል በሽታ እንኳ የአንጎል ሕመም ሆኖ ሳለ በአገራችን በብዙ ቦታ የሚታከመው በዚያው በሳይካትሪ ክፍል ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልለን በአማርኛ «እብድ»፥ በኦሮምኛ «መራታ» እንላለን። ቃሉ አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ሰውዬው ቢድንም አይላቀቀውም። ልጁ ለጋብቻ ሲጠየቅ እንኳ ይነሳበታል።

«የጂን ነገር ነው» የሚልም አለ። በሃይማኖት ነገር ከሸሆቹና ከካህናቱ ጋር የምከራከርበት እውቀት የለኝም። ዱአውም ይደረግ፤ ቁርአኑም ይቀራ፤ ጠበሉም ይጠመቅ። እኔ የምለው ከሐኪም ቤቱ አያጣሉት ነው። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም የጠበል ቦታ አጥማቂዎችና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕመምተኛው ከጠበሉ ሳይለይ መድኃኒቱን እንዲወስድ የተደረገበት ሥራ አለ። በእስልምናም በኩል ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በግብፅ አገር በካይሮ ሱልጣን ቀላውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1284 ባሠራው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ከ700 ዓመት በፊት እስላሞቹ ለእነዚህ ሰዎች አልጋ አንጥፈውላቸው ነበር ማለት ነው።

በአውሮፓ በብዙ ቦታ ግን ለረጅም ዘመን ሕመምተኛውን በሰንሰለት ማሰር የተለመደ ነበር። ይህን ልማድ በማስቀረት ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ሐኪም አልነበረም። ዣን ባፕቲስት ፑሴን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። መጀመሪያ ቆዳ ፋቂ ነበረ። በአንገቱ እጢ ታሞ ቢሴትር በሚባለው የፓሪስ ሆስፒታል ተኝቶ ታከመና ሲድን እዚያው ሥራ ያዘ። ቀስ በቀስም የአእምሮ ሕሙማኑ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ይህ ሰው ሠራተኛው ሕመምተኛውን እንዳይመታ ከለከለ። በ1797 ደግሞ በዚያ ክፍል የነበሩት ሕሙማን ሰንሰለት እንዲወልቅ አደረገ። ከሁሉ የሚደንቀው ከሕመማቸው የተሻላቸውን ሰዎች አስታማሚ አድርጎ መቅጠሩ ነው። ታምሞ የዳነ ሰው የታመመውን አይመታም ብሎ አሰበ። ፒኔል የሚባለው ስመ ጥር ሐኪም የፑሴንን አሠራር አይቶ ብዙ ነገር ከእርሱ እንደ ተማረ ራሱ ጽፏል። ኋላም ወደ ተዛወረበት ሆስፒታል ፑሴንን አስመጥቶ አብረው ሠርተዋል። ይህን ያነሣሁት ሕመምተኛን ለመርዳት የግድ ሐኪም መሆን እንደማያስፈልግ ለማስረዳት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተብሎ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሥራ የጀመረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚህ ከከሚሴ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደዌ ሐረዋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር ለሚነሣ ሰው ደግሞ እስከ አስፋልቱ ያለው የእግር መንገድ ይጨመርበታል። ስለዚህ «አማኑኤል ውሰዱት» ማለት ለብዙ ቤተሰብ «ተዉት» እንደ ማለት ነበር።

ይህ ነገር መለወጥ የጀመረው በነርሶች ነው። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የጤና ድርጅት በሰጠው እርዳታ በአማኑኤል ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ማሠልጠን ተጀመረ። ነርሶቹ ሠልጥነው ሲወጡ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ። በዚያን ጊዜ በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በየጠቅላይ ግዛቱ ሕመምተኛውን የሚመረምረው፥ መድኃኒት የሚያዘው፥ ቤተሰቡን የሚመክረው፥ መዝገቡን የሚይዘውና ክፍሉን የሚመራው ነርሱ ወይም ነርሷ ነበሩ። ከበላያቸው የሚጠይቁት ሐኪም በቅርብ አልነበረም። ሥራውን ይዘው የቆዩት በትምህርታቸውና በልባቸው ነው።

እኔ በሠራሁበት በአንዱ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍሉን የምትመራ አንዲት ሲስተር ነበረች። ስሟን አልጠራም። አሠራሯን ግን በዝርዝር እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ ውስጥ ብዙው እኛም በየቤታችን ልንሠራው የምንችለው ነው።

አንደኛ፥ ሰላምታን ከሕመምተኛው ትጀምራለች። አንድ ቀን አንድ ወጣት በገመድ ታስሮ በጭነት መኪና መጣ። አራት ሰው ይዞታል። እሷ ወጥታ ያመጡትን ሰዎች «ደክሟችኋል፤ አረፍ በሉ» አለቻቸው። ከዚያ ልጁ ከተቀመጠበት መሬት ላይ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «አካም ጅርታ?» አለችው። አልመለሰላትም። ስሙን ጠየቀችው፤ አባቱ ፈጥኖ ሊመልስ ሲል በእጇ ምልክት ከለከለችው። ዝም ብላ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቀችው፤ ሰልፉ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ ልጁ «ውሃ» አለ። ውሃ ራሷ ቀድታ ሰጠችው፤ ለመጠጣት እጁ መፈታት ስለነበረበት ገመዱ ተፈታ። ከዚያም ስሙን ነገራት። እኔም ካርዱን ያወጣሁት ከእርሱ አፍ ሰምቼ ነው። አባትየው «ከታመመ ወዲህ ስሙን የጠየቀው ሰው የለም» ብሎ አለቀሰ።

ሁለተኛ፥ በአልጋም ሆነ በመቀመጫ ላይ ያለን ሰው ቆማ አታናግርም ነበር። ወንበር ስባ ትቀመጣለች። የሰማውን ድምፅ ሲነግራት «ውሸት ነው» አትለውም፤ «አዎን፥ እኔም ሰማሁ» ብላም አታታልለውም። «ለአንተ እንደሚሰማህ አምናለሁ፤ እኔ ግን አልሰማሁም። በጣም ያስፈራህ ይሆን?» ትለዋለች። በዚህ ዓይነት ሳትዋሽና ሳትከራከር ፍርሃቱን ትካፈለዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ የጻፈች ሂልደጋርድ ፔፕላው የምትባል አሜሪካዊት ነርስ አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ባወጣችው መጽሐፍ በነርሱና በሕመምተኛው መካከል ያለው መተዋወቅና መተማመን ራሱ የሕክምናው ክፍል መሆኑን አስረድታለች። የእኛዋ ሲስተር መጽሐፉን ታንብበው አታንብበው አልጠየቅኳትም፤ ሥራዋ ግን ይኸው ነበር።

ሦስተኛ፥ ርኅራኄን ለራሷ ብቻ አልያዘችውም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ለሩብ ሰዓት ያህል ሁላችንንም ትሰበስበን ነበር። ሁላችንንም ስል ዘበኛውን፥ የጽዳት ሠራተኛዋን፥ መድኃኒት አዳዩንና እኔን ጸሐፊውን ነው። «ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያገኘው ዘበኛውን ነው። ዘበኛው ከገፋው እኔ ጋ ሲደርስ ምንም ብለው አያምነኝም» ትል ነበር። ስም ሲጠራ ከነአባት ስሙ እንዲጠራ፥ ማንም ሰው በሳቅ እንዳያሳልፈው፥ ሲጮህ ብዙ ሰው ተሰብስቦ እንዳይከበው፥ አንድ ሰው ብቻ ቀስ ብሎ እንዲያናግረው አስተማረችን። ሠራተኛውም ሲደክመው «ዛሬ አንተ እረፍ» የምትል እሷ ነበረች። የተሰላቸ ሰው እንደሚቆጣ ታውቃለችና። መሪነት ማለት ይህ ይመስለኛል።

አራተኛ፥ አስታማሚውን ትጠይቃለች። እናትየዋን ለብቻዋ ጠርታ «አንቺስ ትተኛለሽ ወይ? ምግብ ትበያለሽ ወይ?» ትላታለች። በዚህ ዓይነት ቤት ብዙ ጊዜ የምትጎዳው እናት ወይም ሚስት ናት። ገበያ አትሄድም፤ ለቅሶ አትደርስም፤ ቡና ላይ አትቀመጥም። የቅሬ ቀሪ ሆና ስሟ ይመዘገብባታል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሁላችሁም ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፥ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው ትፈልጋለች። መዝገቧን ገልጣ ያልመጣውን በመንደሩ ሰው ወይም በአገሩ ልጅ በኩል ታስጠይቃለች። «ተሻለው ብለው ይሆናል የቀሩት» ትላለች። ብዙ ጊዜም እንደዚያው ሆኖ ይገኛል።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይቸገራል። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በአንድ ቀን የሚያድን አይደለም። ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። የሚዋጥ አለ፤ በወር አንድ ጊዜ ያህል በመርፌ የሚሰጥም አለ። አንዳንዱን ሰው ያንቀጠቅጠዋል፤ አንገቱን ያደርቀዋል፤ ለሃጩን ያዝረበርበዋል፤ እንቅልፍ ያበዛበታል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ሕክምናው ባሰበት» ብሎ ያቋርጣል። ትክክለኛው ነገር ግን ተመልሶ ለነርሱ መንገር ነው፤ መጠኑ ሊቀነስ፥ መድኃኒቱም ሊለወጥ፥ መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ ሌላ ሊጨመርለት ይችላል። ሲሻለው ደግሞ «ድኗል» ብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሰዋል። መድኃኒቱን ወስዶ የተሻለው ሰውም ቢሆን ሥራ፥ ጓደኛና የሚጠራው ስም ካላገኘ መልሶ ከጥግ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። በየመንደሩ፥ ምናልባትም ከዚህ ከተሰበሰብንበት ብዙ በማይርቅ ቤት፥ በገመድ ወይም በሰንሰለት የታሰረ ሰው ይኖራል። ያሰረውን ቤተሰብ ለመውቀስ አይደለም የምናገረው። የሚያስሩት ስለሚጠሉት አይደለም። መንገድ ላይ መኪና እንዳይገጨው፥ ሰው እንዳይመታው፥ ወደ ቦርከና ወንዝ እንዳይገባ ብለው ነው። ሌላ የሚረዳቸው ባለመኖሩ ነው። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ ቤተሰቡ ራሱ እያለቀሰ ነው የሚያስረው። ስለዚህ ሰንሰለቱ የሚፈታው ቤተሰቡን በመክሰስ አይደለም። የሚፈታው ሕክምና ሲገኝና ጎረቤት ተራ ገብቶ አብሮ ሲጠብቅ ነው።

በዚያው በሶዶ ወረዳ ከሕክምናው በተጨማሪ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ለአንድ ዓመት ያህል የሕመምተኛውን ቤት እየጎበኙ ረድተዋል። ሰውነቱን እንዲታጠብ፥ ወደ ሥራ እንዲመለስ፥ ከጎረቤት እንዲቀላቀል አግዘዋል። ውጤቱ ሲመዘን እነዚህ የተጎበኙት ሕሙማን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ወደ ኑሯቸው መመለስ ችለዋል። በሌላ ጥናት ደግሞ አጭር ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሰጡት ሕክምና በሆስፒታል በሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጠው ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መንግሥትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ አቅዷል። ስለዚህ ዛሬ የታመመ ሰው ያለው ቤተሰብ አዲስ አበባን ከማሰቡ በፊት በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጠይቅ። ከዚያ ካለፈም ደሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስለ ራስ ማጥፋትም ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ ቅሬው ይቀብራል፤ ሰው ይንሾካሾካል፤ ቤተሰቡም በእፍረት ይሸማቀቃል። ነገር ግን «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ሲናገር «አትሳደብ» ብሎ ዝም ማሰኘት አይገባም። ብቻውን አይተው፤ ገመድና የተባይ መድኃኒት ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ። ደግሞ «እንዲህ አስበህ ታውቃለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። ይህን ነርሶቹ ደጋግመው ይናገራሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህ አገር በደረሰ ጊዜ ያየነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ቤቱ የተቃጠለበት ቤቱን ሠርቷል፤ ሱቁ የተዘረፈበትም ተመልሶ ከፍቷል። ነገር ግን በሌሊት እየባነነ የሚጮህ ልጅ፥ ከሰው መገናኘት ያቆመ ጎልማሳ፥ ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትደነግጥ እናት በመካከላችን አሉ። ቁስላቸው ስለማይታይ አልተጠየቁም። እነሱንም ማሰብ አለብን።

«ቅሬ ለሞት እንጂ ለሕመም አልተቋቋመም» የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። አባቶቻችን መኪና ባልነበረበት ጊዜ በቃሬዛ የተሸከሙት ሬሳ ብቻ ነበር? ምጥ የጸናባትንም፥ እግሩ የተሰበረውንም በዚያው ቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት አድርሰዋል። የተሸከሙትም እነዚያው የቅሬ ሰዎች ናቸው። «ያደገኛል፤ ሊመታኝ ይችላል» የሚልም አለ። አዎን፥ ሕመሙ ሲነሣበት የሚማታ አለ፤ ያን ጊዜ መጠንቀቅና ፈጥኖ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ግን ማንንም አይነኩም፤ እንዲያውም የሚመቱት፥ ድንጋይ የሚወረወርባቸው እነሱ ናቸው። «ገንዘብ የለንም» የሚልም ቢኖር ከማቀርበው ሐሳብ አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ ኮሚቴው ተወያይቶበት ለድምፅ እንዲያቀርበው እጠይቃለሁ።

1ኛ፥ በቅሬያችን ስብሰባ፥ በለቅሶና በመዝገብ ላይ ማንም ሰው «እብድ» ወይም «መራታ» ተብሎ እንዳይጠራ፤ በስሙ እንዲጠራ።

2ኛ፥ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ ለለቅሶና ለቀብር ተራ ሲቀር መቀጮ እንዳይከፍል። አሁን ባለን ደንብ የልጇን እጅ ይዛ ያደረች እናት እንደ ሰነፍ ተቆጥራ ትቀጣለች። ይህ ትክክል አይደለም።

3ኛ፥ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ላይ ለመጀመሪያው የሕክምና ጉዞና ለመድኃኒት መግዣ ያለ ወለድ ብድር እንዲሰጥ፤ መጠኑንና የመመለሻውን ጊዜ ኮሚቴው ይወስን።

4ኛ፥ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ተመርጠው ቤተሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ተራ በተራ እንዲጠይቁ። ብዙ ሆነው አይሂዱ፤ የሰሙትንም ቡና ላይ አያውሩት። ሲሄዱ ሕመምተኛውን ራሱን ሰላም ይበሉት። የቀጠሮውን ቀንም ያስታውሱት።

5ኛ፥ የታመመ አባል ስሙ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ፤ ሲሻለውም እንደ ማንኛውም አባል ተራው እንዲሰጠው። ድንኳን ይትከል፤ ወንበር ይደርድር፤ ውሃ ይቅዳ። «ተወው እሱን» መባል በራሱ ሌላ ሕመም ነው። ፑሴን የዳኑትን ለሥራ እንደ ቀጠራቸው እናስታውስ።

6ኛ፥ በዓመት አንድ ጊዜ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ተጋብዞ በሁለቱም ቋንቋ፥ በኦሮምኛና በአማርኛ፥ ትምህርት እንዲሰጠን።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ 2ኛውን እመርጣለሁ። ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ መስመር ከደንቡ ላይ መጨመር ነው። ለዚያች እናት ግን ቅሬው እንዳልረሳት ማስረጃ ይሆናታል።

በወሎ አገር ሰው ሲቸገር «አብሽር» እንለዋለን። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ «አብሽር» ማለትና አጠገብ ተቀምጦ «አብሽር» ማለት አንድ አይደለም። የሳይካትሪ ነርሶቹ በየሆስፒታሉ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ ሰው መልሰዋል። ሆኖም ሕመምተኛው ከእነርሱ ዘንድ የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ወይም ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ቀሪውን ዕድሜውን የሚኖረው ከእኛ ጋር ነው።

የታመሙትን አላህ ያሽርልን፤ እግዚአብሔር ይማራቸው። አስታማሚዎችንም ያበርታልን። ለቅሬያችንም ሰላምና አንድነት ይስጥልን። አሚን።